ክዳኑን የከፈተ ይበላል

ዓሣ ሻጩ ጆሮውን በቁልፍ ይጠርጋል። ሐሜት አይደለም፤ ተቆጣጣሪዋ በገዛ ዓይኗ አይታዋለች። ሳሎናቸው ውስጥ፣ የእናቷ ሶፋ ላይ ተንፈላሶ፣ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጆሮው ውስጥ አዞረ፣ አዞረና ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ መረመረው። በዚያ ቢበቃው ደግ ነበር። ቁልፉን ሱሪው ላይ ጠረገና በዚያው እጁ ከሳህኑ ብስኩት አነሣ። ኤጭ! እናቷ አጠገቡ ነበረች፤ አይታለች። አይታም ትስቃለች። የሚያስቀው ምኑ እንደሆነ እንግዲህ እሷና ፈጣሪዋ ይወቁት።

ተቆጣጣሪዋ የምትሠራው በየሆቴሉና በየምግብ ቤቱ እየዞረች ንጽሕና መቆጣጠር ነው። የማቀዝቀዣ በር ጎማ ትገልጣለች፣ መክተፊያ ትገለብጣለች፣ ምድጃ ሥር በባትሪ ታያለች። ሌላው ሰው ፊቱን የሚያዞርበትን ነገር እሷ አጎንብሳ ታየዋለች፤ ደሞዝ የሚከፈላት ለዚያ ነው። ታዲያ ጓንት አድርጋ ስለምትነካው እንጂ አልለመደችውም። ታናሽ ወንድሟ ገና በልጅነታቸው «እትዬ ኤጭ» ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ ወተት ላይ ስልባቦት ሲንሳፈፍ ካየች ከገበታ የምትነሣ ልጅ ነበረች።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከስፌት መኪናዋ ጋር ብቻ ስታወራ ኖራ፣ አንድ ቀን ዓሣ ልትገዛ ሄዳ ዓሣ ሻጩን ይዛ ተመለሰች። ሰውየው ሲመጣ ጠረኑ ይቀድመዋል፤ ሲሄድ ደግሞ ጠረኑ መጋረጃው ላይ ያድራል። ክንዱ ፀጉር ላይ ቅርፊት ተጣብቆ ይደርቃል። ሻይ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ ጎረቤት ይሰማል። በዚያ ላይ ተቆጣጣሪዋን «ልጄ» ይላታል። ማን ልጅ አደረጋት?

«ልንጋባ ነው» አለቻት እናቷ አንድ ማታ፣ የሱሪ ጠርዝ እየጠቀመች።

«ይቀፈኛል እማዬ።»

«ምኑ?»

«ሁለመናው።»

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እኔ ልጄን አስከፍቼ ባል አላገባም፤ ይህን ታውቂያለሽ። ግን ሰውየው ሲመጣ አንቺ ትነሻለሽ፤ አንድ ቀን እንኳ አብረሽው አልዋልሽም። ቅዳሜ ከሰዓት ያንን የትልልቅ ሰው ዕቃቃሽን አጫውቺን፤ እሱንም እኔንም ወንድምሽንም። እስኪያልቅ አብረሽን ቁጭ በይ። ከዚያ በኋላም ይቀፈኛል ካልሽኝ፣ በአባትሽ አጥንት፣ «ይብቃን» እለዋለሁ። ሁለተኛም አላነሣብሽም።»

ቃሏ ቃል ነው፤ እናቷ ለቀልድ በአጥንት አትምልም። ተቆጣጣሪዋ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። መልሷማ ከወዲሁ ኪሷ ውስጥ ነው። ግን «ይቀፈኛል» ብላ የእናቷን ደስታ የምታፈርስ እሷ ልትሆን ነው። ሰውየው ራሱ አቅለሽልሾት ብድግ ብሎ ቢሄድስ? እናቷ ራሷ በዓይኗ ብታየውና ብታፍርበትስ? እሱ ይሻላል። እሷም ንጹሕ ሆና ትቀራለች።

ዕቃቃ የተባለው ጨዋታ እንዲህ ነው። ሰሌዳ የለውም፣ ጠጠር የለውም። አንዱ ተራኪ ይሆንና «ከፊታችሁ የተዘጋ በር አለ፤ ከበሩ ጀርባ የሆነ ነገር ይተነፍሳል» እያለ ይነግራል። ሌሎቹ ታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ዘበኛ። የሚያደርጉትን በአፋቸው ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ተጥሎ፣ የወጣው ቁጥር ይታያል። ተቆጣጣሪዋ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ስትጫወተው ኖራለች፤ ተራኪነቱም ሁሌ የሷ ነው፤ ታውቅበታለች።

ለጀማሪ ማዘጋጀት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሕግ ካበዙበት ያንቀላፋል፤ ቦታ ካበዙበት ይጠፋዋል። ስለዚህ አንድ ቤት፣ አንድ ዳይስ፣ ተቀምጠው ሳይነሡ የሚያልቅ አንድ አስፈሪ ታሪክ። ለየተጫዋቹ አንዳንድ ወረቀት፤ ማን እንደሆነና እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር ምን እንደሆነ የተጻፈበት። ለቤቱማ ማሰብ አላስፈለጋትም። የተዘጋ አሮጌ ሆቴል አደረገችው፤ በየሥራ ቦታው አይታ የተንገፈገፈችበትን ሁሉ ሰበሰበችበት። ግድግዳ ላይ የረጋ ስብ፣ ሲረግጡት ጫማ የሚይዝ ወለል፣ ከውስጥ የሚንኳኳ ማቀዝቀዣ። ጓዳው ውስጥ፣ እሳት በሌለው ምድጃ ላይ፣ አንድ ድስት ተጥዷል። ድስቱ ውስጥ የሚኖረው አውሬ ስሙ «ድስት አደር» ነው። ወንድሟ ስሙን ሲሰማ ከሳቁ የተነሣ ሻዩ ትን አለው።

ወንድሟ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ያግዛታል። ሳቁ የቆመው ግን እውነተኛውን ድስት ሲያይ ነው።

ምድጃው ጥግ ተከድኖ ተቀምጧል። የተረፈ ማካሮኒ ነበር፤ ሆን ብላ ሙቀት ላይ አስቀምጣው ሻጋታና ልጋግ አውጥቷል። በላዩ የሻይ አተላ ጨምራለች፣ ስታርች በጥብጣ አፍስሳለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕቃ ማጠቢያው ማጣሪያ ላይ የሚቀረውን፣ ያንን ግራጫ ነገር፣ በጓንት ዝቃ ከታበታለች። ስትቀላቅለው ራሷ ሁለት ጊዜ ወደ መስኮቱ ሄዳ አየር ወስዳለች።

«እፍ! ምንድን ነው ይሄ ጉድ?» አለ ወንድሟ አፍንጫውን ይዞ።

«ዓይን ተጨፍኖ እጅ የሚገባበት ነው። ጓዳው ጋ ሲደርሱ አወጣዋለሁ።»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ «የሚያስፈራው ያልታየው ነው» የምትዪው? በወሬ ብቻ አይሆንም?»

«ቀኑን ሙሉ የዓሣ አንጀት ሲጎለጉል የሚውል ሰው በወሬ ይደነግጣል?»

«አሃ። ለማስፈራራት ሳይሆን ለማስጠላት ነዋ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«እኔ እንጃ። ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ሲሉ ግን ሰምቻለሁ» አለና ክዳኑን ራሱ ገጥሞ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ወረቀቶቹን የጻፈችው በመጨረሻ ነው። ለወንድሟ ሌባ፣ ለእናቷ የሆቴሉን አስተናጋጅ ሰጠች። ለዓሣ ሻጩ ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አንተ የሆቴሉ አሮጌ ምግብ አብሳይ ነህ። ጓዳ ውስጥ ስላለው ድስት ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ክዳኑን የከፈተ ይበላል።» ወንድሟ ሦስቱንም ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበላት፤ ምንም ስሕተት አላገኘም። ከየት ያገኛል? አውሬውን ያውቀዋላ!

ቅዳሜ ደረሰ። መጋረጃው ተዘጋ፤ የከሰዓቱ ፀሐይ በጨርቁ ውስጥ እያለፈች ክፍሉን አደፈረሰችው። ዓሣ ሻጩ ታጥቦ መጥቷል። ኧረ ተፈትጎ መጥቷል፤ አንገቱ ቀልቷል፣ እጥፋቱ ያልወጣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሳሙናው ከዓሣው ጋር ይታገላል። ዓሣው አሸንፏል። ገና ሳይቀመጥ «ልጄ፣ እንግዲህ እኔ መኃይም ነኝ፣ ቀስ አድርገሽ አስተምሪኝ» አላት። እሷም «አይቸገሩ፣ ቀላል ነው» አለችው፣ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው።

ሰውየው ጨዋታውን ከልቡ ያዘው። ወረቀቱን በተዘረጋ ክንዱ ርቀት ይዞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ አጥፎም በሸሚዙ ኪስ ደበቀው፤ ሚስጥር ነው ተብሏላ። ዳይሱ ሲደርሰው መዳፉ ውስጥ ከቶ፣ እርጥብ ትንፋሹን እፍ ብሎበት ይጥለዋል፤ እሷ ከሱ ስትቀበል በጣቷ ጫፍ ነው። ጥርሱን ይመጥጣል። ሲፈራ ደግሞ የእውነቱን ይፈራል፤ ማቀዝቀዣው ከውስጥ ተንኳኳ ስትል ወንበሩን ወደ እናቷ አስጠግቶ «አስተናጋጇ ከኋላዬ ትሁን፤ እኔ እቀድማለሁ» አለ። እናቷ እንደ ኮረዳ ሳቀች። ተቆጣጣሪዋ ዓይኗን ወደ ዳይሱ መለሰች። በዚህ ዕድሜ! ኤዲያ!

«ጓዳው ውስጥ ገባችሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከጠረጴዛው ሥር ድስቱን አውጥታ መሐል አስቀመጠችው። «እሳት የለም። ድስቱ ግን ይሞቃል። ምን ታደርጋላችሁ?»

«እኔ ሌባ ነኝ፤ እሸሻለሁ» አለ ወንድሟ።

ዓሣ ሻጩ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ደግሞ አነበበው። ድስቱን አየ። ተቆጣጣሪዋን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት ሄደና ማንኪያ ይዞ ተመለሰ።

«ማንኪያው ለምንድን ነው?» አለች እናቷ።

«ወረቀቴ ላይ አለ፤ ሚስጥር ነው» ብሎ ጠቀሳት።

ክዳኑን ከፈተ። ሽታው እንደ ሰው ብድግ አለ። ወንድሟ «ወይ አምላኬ!» ብሎ ዞረ። የዓሣ ሻጩ ፊት ልክ እንደ ማንኛውም ሰው ተጨማደደ፤ እጁን ግን አላስገባም። ማንኪያውን አስገባ።

ተቆጣጣሪዋ ያኔ ገባት። «ይበላል።» ጠበቅ አድርገው ሲያነቡት ሰውየው የአውሬው ምሳ ይሆናል። ላላ አድርገው ሲያነቡት ሰውየው ራሱ ምሳ ይበላል። ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ፊደሉ አይጠብቅ፣ አይላላ። እሷና ወንድሟ አውሬውን ስለሚያውቁ አጠበቁት። ይሄ ሰው ግን አውሬ አያውቅም፤ ምግብ አብሳይ ነህ ተብሏል፣ ክዳን የከፈተ ይበላል ተብሏል። ደግሞም ስለ ቅዳሜው ቃል እናቷ ነግራዋለች፤ ዛሬ በምን እንደሚፈተን ሲጠብቅ ነው የዋለው። ፈተናው ይህ መስሎታል።

«ተዉት» ለማለት ጊዜ ነበራት። ሰውየው አልቸኮለም፤ እንደ መራራ መድኃኒት አንድ ጊዜ አንሥቶ መለሰው፣ ትንፋሹን ውጦ ደግሞ አነሣው። ከማንኪያው ላይ ያ ግራጫ ነገር ተንጠለጠለ። አፏን ከፈተች። ልቧ ግን ሌላ አላት፦ ይቅመሳት። ይቅመሳትና ይሂድልን። አፏን መልሳ ገጠመችው።

ጎረሰ። አንገቱ ሲንቀሳቀስ ታየ። ዋጠ።

«ጨው ጎድሎታል» አለ፤ ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል፤ ለመሳቅ ይታገላል።

ወንድሟ ትወና መስሎት ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። እናቷም ሳቀች። «በሉ አምጡት! አብሳዩ የበላውን አስተናጋጇ ልትንቅ ነው እንዴ?» ብላ ማንኪያውን ከሰውየው እጅ ወሰደች።

«ኧረ እማዬ፣ ሽታውን አትሰሚም?» አለ ወንድሟ።

«ለማስፈራራት ያደረገችው ነዋ! የሰው ማድ ቤት የምትፈትሽ ልጄ ለኔ የሚጎዳ ነገር ታቀርባለች? የሷን እጅ ዓይኔን ጨፍኜ እበላለሁ።» እውነትም ዓይኗን ጨፈነች። ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ነክራ አወጣች።

«አትብዪ!»

ጩኸቱ ከተቆጣጣሪዋ ጉሮሮ ሳይሆን ከአንጀቷ ነው የወጣው። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ የእናቷን እጅ በጥፊ መታች። ማንኪያው ግድግዳው ላይ ተላትሞ ወደቀ፤ ያ ነገርም በግድግዳው ቀስ እያለ ወረደ።

«ምን አለበት?» አለች እናቷ ዓይኗን ገልጣ።

«የተበላሸ ማካሮኒ... የማጠቢያው ማጣሪያ... ለእጅ ነው እኮ እማዬ፣ ለመብላት አይደለም! አውሬው ይበላዋል ነው ያልኩት፤ ጠብቆ ነው የሚነበበው!»

ዓሣ ሻጩ ወረቀቱን አንሥቶ አየው። «አዪ፣ አላልቼው ነዋ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት እኔን ነው። ብላ ሲለኝ በላሁ።» ሊስቅ ጀመረ። ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ በእጁ አፉን አፍኖ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ። ወንድሟ ተከተለው።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ከወዲያ የማስመለስ ድምፅ ይሰማል፤ ያ እንኳን ጎረቤትን፣ ሙት የሚቀሰቅስ ማጓራት።

«እሱ ሲጎርስ አንቺን ነበር የማየው» አለች እናቷ። ድምፅዋ አልጮኸም። «ስትስቂ ላይሽ ፈልጌ ነበር። አፍሽን ከፈትሽ፤ ዘጋሽው። አውቀሻል።»

ተቆጣጣሪዋ የወደቀውን ማንኪያ ልታነሣ ጎነበሰች።

«ለኔ ሲሆን ድምፅሽ ከየት መጣ?»

እናቷ ጥላት ሄደች፤ ሹራቧንና ቦርሳዋን ፍለጋ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ተቆጣጣሪዋ ብርጭቆ ውኃ ሞልታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ሄደች። ወንድሟ ታክሲ ሊጠራ ወጥቷል። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ጋሼ፣ ውኃ» አለች። ጋሼ ብላው አታውቅም።

«አይ ልጄ፣ አትግቢ!» አለ ከውስጥ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ወለሉን አበላሽቼዋለሁ። እዚያው ቆዪ፤ ይቀፍሻል። አሁን እጠርገዋለሁ።»

በክፍተቱ አየችው። ተንበርክኳል። የሚጠርግበት ጨርቅ አጥቶ አዲሱን ሸሚዙን አውልቆ በሱ ይጠርጋል፤ እሷ እንዳታይ እየተጣደፈ። ተቆጣጣሪዋ በዕድሜዋ ስንት ምድጃ ሥር ተንበርክካለች፣ ስንት በረሮ ቆጥራለች፣ ስንት የገማ ሥጋ አስጥላለች። እንደዚያች ሰዓት ግን አቅለሽልሿት አያውቅም፤ የሚያቅለሸልሻትም ወለሉ አልነበረም። ቆዳዋን አውልቃ ብትጥለው ደስ ባላት። ብርጭቆውን በሩ ሥር አስቀምጣ ተመለሰች፤ ለመግባት እንኳ ፊት አጣች።

ሐኪም ቤት ይዘውት ሄዱ። እሷን ማንም ነይ አላላትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ብቻዋን ቤት ቀረች፤ ድስቱን ከነማንኪያው ቆሻሻ ውስጥ ጣለች፣ ግድግዳውን ፈተገች፣ መታጠቢያ ቤቱን አጠበች። ጓንት ማድረግ ትዝ ያላት ሁሉንም ከጨረሰች በኋላ ነው። መጋረጃውንም ከፈተችው።

ፀሐይ ስትገባ እናቷ ተመለሰች። ሰውየው ደህና ነው፤ ሆዱ ባዶ እስኪሆን አስመልሷል፣ መድኃኒት ተሰጥቶታል፣ ቤቱ ተኝቷል። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅቷን እንዳትቆጫት» ብሏታል። እናቷ ይህን ስትናገር ወደ ልጇ አላየችም፤ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታ ነበር።

«እማዬ» አለች ተቆጣጣሪዋ። «አይቀፈኝም። አግቢው። ከልቤ ነው።»

«እኔ ጠየቅሁሽ?» አለች እናቷ።

ተቆጣጣሪዋ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሰው ደክሞት ሲመጣ ሻይ ይፈላለታል፤ ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ኩባያውን ሁለት ጊዜ አጠበች፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀች፣ ስኳሩን እናቷ እንደምትወደው አደረገች፣ በሁለት እጇ ይዛ አቀረበችላት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እናቷ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ኩባያውን ተቀብላ ወደ አፏ አነሣችው። ከንፈሯ ሳይደርስ አቆመችው፣ ዝቅ አለችና አሸተተችው።